ቢራን ከጠርሙስ ወደ በርሜል ስለ ማሻገር

ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ውሃው ፈልቶ፣ ሆፑ ገብቶ፣ እርሾውም ስኳሩን በልቶ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በመጥመቂያው ዕቃ ውስጥ የሚገኘው መጠጥ ስሙ ቢራ ይባል እንጂ ገና ምሉዕ ቢራ አይደለም፤ አረፋ የለውም፣ ምላስን አይቆነጥጥም፣ አየርም ካገኘው ከቀን ወደ ቀን መዓዛውን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ጠማቂው የድካሙን ፍሬ ከመቅመሱ በፊት ሁለት ሥራ ይቀረዋል፤ ይኸውም አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ነፋስ በመጠጡ ውስጥ ማስገባት፣ ሁለተኛው ኦክሲጅን የተባለውን ነፋስ ከመጠጡ ማራቅ ነው። በዚህ ምዕራፍ ስለ በርሜል የሚነገረው ሁሉ፣ የዕቃው ዐይነት ቢሆን፣ የአሞላሉ ሥርዐት ቢሆን፣ የአቀዳዱም ብልሃት ቢሆን፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ከአንዱ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ አንዱን ነፋስ አስገብቶ ሌላውን መከልከል የሚለውን ሐሳብ በልቡ የያዘ አንባቢ ዝርዝሩን ቢረሳ እንኳ በራሱ አእምሮ መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

በቤታቸው ቢራ መጥመቅ የጀመሩ ሰዎች ይህን ድርብ ሥራ አስቀድመው የሚፈጽሙት በጠርሙስ ነው። አንድ ጊዜ የሚጠመቀው 19 ሊትር ያህል ቢራ 355 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ሲቀዳ ከ50 ጠርሙስ በላይ ይሞላል፤ እያንዳንዱም ጠርሙስ መታጠብ፣ መንጻት፣ መሞላትና መከደን አለበት፤ ከዚያም በኋላ የተጨመረለትን ጥቂት ስኳር እርሾው በልቶ ነፋሱን እስኪያወጣ ድረስ ሙቀት ባለው ክፍል 2 ሳምንት ያህል ይቆያል። ስኳሩ ያነሰ እንደ ሆነ ቢራው ሕይወት ያጣል፤ የበዛ እንደ ሆነ ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ መጠኑ የተስተካከለም ቢሆን እርሾው ሥራውን ሲጨርስ በጠርሙሱ ሥር አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ይህ መንገድ ዋጋው ቀላል፣ ቢራውም ለወዳጅ በስጦታ ሊላክ የሚችል ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ጠማቂው ነፋሱን በራሱ እጅ የሚያዝበት ሳይሆን ለእርሾው አደራ ሰጥቶ ውጤቱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። በርሜል ይህን አደራ ከእርሾው ተቀብሎ ለጠማቂው ይሰጠዋል።

ዛሬ በአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ዘንድ በርሜል ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ዕቃ ሲሠራ ለቢራ ታስቦ አልነበረም። በሚኔሶታ የተቋቋመው የኮርኔሊየስ ኩባንያና መሰሎቹ ከማይዝግ ብረት እየሠሩ ያወጡት የነበረው ይህ ረጅምና ቀጭን በርሜል የለስላሳ መጠጥ ድርጅቶች መጠጣቸውንና ሽሮፓቸውን ወደየምግብ ቤቱ የሚልኩበት ዕቃ ሲሆን፣ ኋላ ግን እነዚሁ ድርጅቶች ሽሮፑን በካርቶን ውስጥ በተቀመጠ የፕላስቲክ ከረጢት መላክ የሚረክስ ሆኖ ስላገኙት፣ በርሜሎቹ እየተሰበሰቡ ከሥራ ወጡና በትንሽ ዋጋ ይሸጡ ጀመር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የአገሩ ሕግ ተለውጦ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ ጸንቶ የኖረው የመጠጥ ክልከላ ሲነሣ ለቤተ ሰብ የሚሆን ወይን በቤት መጥመቅ ተፈቅዶ ሳለ የቢራው ነገር ሳይነሣ ቀርቶ፣ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 በፈረሙት ሕግ ግን፣ ለሽያጭ እስካልሆነ ድረስ፣ አንድ ብቻውን የሚኖር አዋቂ ሰው በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ተፈቀደለት። በዚህ ዐይነት ሕግ ነፃ ያወጣው ጠማቂና ከሥራ የተሰናበተው በርሜል በአንድ ትውልድ ዘመን ተገናኙ።

በርሜሉ 5 ጋሎን፣ ማለት 19 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም አንድ ጊዜ ከሚጠመቀው መጠን ጋር የተካከለ ነው። በራሱ ላይ እጅ የሚያስገባ ሞላላ አፍ አለው፤ ክዳኑ ከውስጥ ወደ ላይ የሚገጥም ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ግፊት እየገፋ ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም፤ በክዳኑም መካከል ግፊቱን የሚያስተነፍስ ትንሽ ቫልቭ ይገኛል። ከክዳኑ ግራና ቀኝ በሞላ የሚዘጉ ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው የጋዝ በር ሲሆን ከሥሩ አጭር ቱቦ አለበት፣ ሁለተኛው የቢራ በር ሲሆን ቱቦው እስከ በርሜሉ ወለል ይወርዳል። ጋዙ ከላይ ገብቶ ቢራውን ሲጫነው ቢራው ሌላ መውጫ ስለማያገኝ በረጅሙ ቱቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ የበርሜሉ ምሥጢር ሁሉ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ አሽገው የሚይዙት ግን ሙያተኞች ጎሚኒ የሚሏቸው አምስት የጎማ ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ በክዳኑ ዙሪያ፣ ሁለቱ በበሮቹ ላይ፣ ሁለቱ በቱቦዎቹ አንገት።

ለፔፕሲ መጠጥ ያገለግል የነበረው ዐይነት ቦል ሎክ፣ ለኮካ ኮላ ያገለግል የነበረው ፒን ሎክ ይባላል። ፒን ሎክ አጠርና ሰፋ ያለ ሆኖ በጋዙ በር ላይ ሁለት፣ በቢራው በር ላይ ሦስት ጥርሶች ስላሉት ማገናኛውን በስሕተት ማቀያየር አይቻልም፤ በቦል ሎክ ግን ሁለቱ በሮች እጅግ የሚመሳሰሉ ስለ ሆኑ በጋዙ በር ሥር የተቀረጸችውን ትንሽ ምልክት አይቶ መለየት ያስፈልጋል። የአንዱ ማገናኛ ለሌላው ስለማይሆን ጀማሪ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በዚያው ይጽና፤ አሮጌ በርሜል የገዛም እንደ ሆነ የሽሮፑ ሽታ በጎማው ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር አምስቱንም ጎሚኒ አውጥቶ በአዲስ ይተካ፤ የዚህ ዋጋ ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ጋዙ የሚቀመጠው ለብቻው በተሠራ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ለቤት የሚሆነው ሲሊንደር ዘወትር 5 ፓውንድ፣ ማለት 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ ጋዙ በግፊት ብዛት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የዚህ ግፊት መጠን 58 ባር ያህል ነው። በርሜሉ ግን የሚፈልገው 1 ባር እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ በሁለቱ መካከል ግፊቱን የሚቀንስ ሬጉሌተር ይቆማል፤ ያለ ሬጉሌተር ሲሊንደሩን ከማናቸውም ዕቃ ጋር ማገናኘት ሞትን መጥራት ነው። በሬጉሌተሩ ላይ ካሉት ሁለት መለኪያዎች አንዱ የሲሊንደሩን፣ ሌላው ወደ በርሜሉ የሚሄደውን ግፊት ሲያሳይ፣ የፊተኛው ጀማሪውን የሚያታልል ጠባይ አለው፤ ምክንያቱም በሲሊንደሩ ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ንባቡ ሳይቀንስ ይቆይና ፈሳሹ ባለቀ ጊዜ በድንገት ይወድቃል፤ ደግሞም ሲሊንደሩ ፍሪጅ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ጋዝ ሳይጎድል ንባቡ ወደ 38 ባር ይወርዳል። ስለዚህ የቀረውን ጋዝ ማወቅ የሚሻ ሰው መለኪያውን ሳይሆን ሚዛንን ይመን፤ የባዶው ሲሊንደር ክብደት በአንገቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛልና።

ስለ ጋዙ ጠባይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለም የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል፤ 2.3 ኪሎ ግራሙ ሁሉ ቢያፈተልክ ከ1.2 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ጋዝ ይሆናል፤ ይህም ስፋቱ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነን የተዘጋ ክፍል አየር ከመቶ 5 እጅ በላይ ይሞላዋል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሊቃውንት ለሕይወት የሚያሰጋ ብለው የወሰኑት መጠን ደግሞ ከመቶ 4 እጅ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሰው በሚተኛበት ጠባብ ክፍል አይቀመጥ፤ ዘወትር ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንዳይወድቅም ይታሰር፤ ክፍሉም አየር የሚመላለስበት ይሁን።

ይህን ጋዝ ከመጠጥ ጋር የማዋሐድ ጥበብ የተጀመረው በቢራ መጥመቂያ ደጃፍ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሰባኬ ወንጌልና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1767 ሊድስ ወደ ተባለች ከተማ ሄዶ ከአንድ ቢራ መጥመቂያ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ፣ በሚፈላው ቢራ ላይ ተንሳፎ የሚገኘውን ነፋስ መመርመር ጀመረና ውሃ በዚያ ነፋስ ውስጥ ቢቆይ የሚጥም መቆንጠጥ እንዲያገኝ ተመለከተ፤ በ1772ም ውሃን በዚህ ነፋስ ስለ መሙላት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ በ1803 የማንቸስተሩ ዊልያም ሄንሪ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን በላዩ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር ልክ በልክ እንደሚጨምር ሕጉን ገለጠ፤ ፈሳሹም በቀዘቀዘ መጠን ብዙ ጋዝ እንደሚይዝ ይታወቃል። እንግዲህ የበርሜሉ ጠማቂ የሚገዛው ግፊትንና ሙቀትን ነው፤ ሁለቱን ከወሰነ ሦስተኛውን፣ ማለት በቢራው ውስጥ የሚኖረውን ጋዝ፣ ተፈጥሮ ራሷ ትወስንለታለች።

ጠማቂዎች የጋዙን ብዛት የሚለኩት በቢራው ይዘት ነው፤ አንድ ሊትር ቢራ ሁለት ሊትር ተኩል ጋዝ ከተሸከመ 2.5 ይባላል። ብዙዎቹ የተለመዱ ቢራዎች ከ2.4 እስከ 2.6 ሲሆኑ፣ የእንግሊዞች ኤል ከ2 በታች፣ የጀርመኖች የስንዴ ቢራ ከ3 በላይ ይሄዳል። ቢራው በ20 ዲግሪ ፈልቶ ሲጨርስ ከ0.8 ጥቂት የሚበልጥ ጋዝ በውስጡ ስለሚቀር፣ የሚጨመርለት የጎደለው ብቻ ነው። ሙቀቱ 4 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ 0.8 ባር፣ በአሜሪካ መለኪያ 12 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ቢራውን ወደ 2.5 ያደርሰዋል፤ ያው ቢራ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ቢቀመጥ ግን ለዚሁ መጠን 2 ባር ያህል ያስፈልገዋል። ፍሪጅ ለበርሜል ግማሽ መሣሪያ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በርሜሉ አስቀድሞ ይታጠባል፣ ቀጥሎ ይነጻል፤ ቆሻሻ ያለበት ብረት መድኀኒት ቢፈስበት አይነጻምና የሁለቱ ተራ አይለወጥም። ለማጠብ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት ማጽጃ በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ፣ በሮቹ ተፈትተው፣ ቱቦዎቹም ወጥተው በቀጭን ብሩሽ ይወለወላሉ፤ ለማንጻት ደግሞ ከፎስፎሪክ አሲድ የተዘጋጀውና መለቅለቅ የማያስፈልገው መድኀኒት የተመረጠ ነው። በረኪና ግን በውስጡ ያለው ክሎሪን የማይዝገውን ብረት እንኳ እየበላ ጥቃቅን ጉድጓድ ስለሚያወጣበት ከበርሜል ይራቅ።

በርሜሉ ከነጻ በኋላ አየሩን ማስወጣት ይቀራል። ጠላ ጠማቂዋ እናት የጋኑን አፍ በጭቃ የምትመርገው አየር ሲገባ ጠላው እንደሚቆመጥጥ ስለምታውቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ቢራም ኦክሲጅን ካገኘው መዓዛው ጠፍቶ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ያመጣል፤ ብዙ ሆፕ የገባበት ቢራ ደግሞ ከሁሉ ፈጥኖ ይጎዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባድ ስለ ሆነ ጥቂት ቢለቀቅበት አየሩን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያስወጣዋል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሁለት ጋዞች በአንድ ዕቃ ሲገናኙ ይደባለቃሉ እንጂ ተደራርበው አይቀመጡም። የሚሻለው መንገድ በርሜሉን እስከ አፉ በማንጻቱ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ውሃውን በቢራው በር በጋዝ ግፊት እያስወጡ ባዶ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ በውሃው ቦታ የሚተካው ጋዝ ብቻ ይሆናል። ከዚያም ቢራው ከመጥመቂያው ዕቃ በቱቦ ወርዶ በዚሁ በቢራው በር ከበርሜሉ ወለል ጀምሮ ሳይንቦጫረቅ ይሞላል፤ የጋዙም በር ለሚወጣው ጋዝ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ክዳኑን ከፍቶ መሙላት የመረጠ ሰው ግን ከሞላ በኋላ በላይ በቀረው ባዶ ቦታ 2 ባር ጋዝ እያስገባ በክዳኑ ቫልቭ ደጋግሞ ያስተንፍስ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የቀረው አየር ወደ ሢሶው ስለሚወርድ አምስት ጊዜ የደገመው ከመጀመሪያው አየር ከ200 እጅ አንዱን እንኳ አያስቀርም። ይኸው ግፊት ክዳኑን በጎሚኒው ላይ በደንብ ያስቀምጠዋል። ወዲያውም በክዳኑ ዙሪያ፣ በበሮቹና በጋዙ ቱቦ መጋጠሚያ ሁሉ የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ ያነሣ ቦታ ካለ ጋዝ እያፈተለከ ነውና ይጥበቅ ወይም ጎሚኒው ይለወጥ። ይህን ምርመራ የዘለለ ሰው ሙሉ ሲሊንደር በአንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባውም።

ጋዙን ከቢራው ጋር ለማዋሐድ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በፍሪጅ ውስጥ 0.8 ባር ላይ አገናኝቶ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ሳይነኩ መተው ነው፤ መጠኑ ከተወሰነው አልፎ ሊሄድ ስለማይችል ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ሁለተኛው ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ 2 ባር ላይ ከ24 እስከ 36 ሰዓት አቆይቶ፣ ግፊቱን አስተንፍሶ ወደ 0.8 ባር መመለስ ነው፤ ይህ ጊዜን ያተርፋል፣ ነገር ግን ሰዓቱን የረሳ ሰው ከመጠን ያለፈ አረፋ ይቀበላል። በርሜሉን እያንከባለሉ መነቅነቅ ከዚህ ደግሞ ይፈጥናል፣ ስሕተቱም እንደዚያው ይበዛል። ሦስተኛው እንደ ጠርሙሱ በስኳር ማፍላት ነው፤ የስኳሩም መጠን ለጠርሙስ ከሚጨመረው ግማሽ ያህል ይበቃል ይባላል። ሲሊንደሩ የሚያልቅበት ሰው ይህን ይምረጥ፣ ነገር ግን ለመቅዳት ጋዝ ማስፈለጉ አይቀርም።

በአዲስ አበባ ድራፍት ቤት ጃምቦው ግማሹ አረፋ ሆኖ ቀርቦለት ቅር የተሰኘ ሰው ሁሉ የመቅዳትን ችግር ያውቀዋል። ቢራው ከበርሜሉ ሲወጣ በ0.8 ባር ተገፍቶ ነው፤ ይህ ግፊት በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ካልደከመ በቧንቧው አፍ ላይ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ጋዙ ከቢራው እየበረገገ አረፋ ይሆናል። ግፊቱን የሚያደክመው የቱቦው ጥበትና ርዝመት ነው፤ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ እስከ 3 ሜትር ረዝሞ በፍሪጁ ውስጥ ቢጠቀለል ቢራው በዝግታ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪዎች አረፋ ሲበዛባቸው ግፊቱን ይቀንሳሉ፤ ይህ ለዕለቱ የረዳ ይመስላል፣ ነገር ግን በሄንሪ ሕግ መሠረት ቢራው በማግስቱ ጋዙን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊቱ በቦታው ይቆይ፣ ቱቦው ይርዘም፤ የቧንቧውም እጀታ በግማሽ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ራሱ አረፋ ፈጣሪ ነውና። የመጀመሪያው ብርጭቆ በወለሉ የዘቀጠውን እርሾ ይዞ ስለሚወጣ ይደፋ፤ ቱቦውና ቧንቧውም በየ2 ሳምንቱ ይታጠቡ።

ገንዘቡ የተወሰነ ጠማቂ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በርሜል፣ አንድ ሲሊንደር፣ የታመነ ሬጉሌተር፣ በቱቦው ጫፍ ላይ የሚሰካ ተራ የፕላስቲክ ቧንቧና በርሜሉን ቁሞ የሚያስገባ አሮጌ ፍሪጅ ይበቃዋል፤ በፍሪጁ በር ላይ የሚተከለው ያማረ ቧንቧ ለዐይን እንጂ ለቢራው የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ቆይቶ ይምጣ፤ በሬጉሌተርና በጎሚኒ ላይ ግን ቁጠባ አይሁን። በርሜል መልካሙን ቢራ በመልካምነቱ ያቆየዋል እንጂ ክፉውን አያሻሽለውም። ስለዚህ ለመጀመሪያው በርሜል የሚገባው፣ ጠማቂው ከዚህ ቀደም በጠርሙስ ደጋግሞ የሠራውና ጣዕሙን በሚገባ የሚያውቀው ቢራ ነው፤ ጣዕሙ የተለወጠ እንደ ሆነ ጥፋቱ በአጠማመቁ ሳይሆን በአሞላሉ መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል፤ እርማቱንም ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።